እግረኛ የሌለበት ሰፈር

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ዳር ከማዘጋጃ ቤቱ የተከራዩት የካውንስል ቤት ለወይዘሮ እህተማርያም ጭር ብሎባቸው ነበር። ሊፍቱ ዘወትር እንደተበላሸ ነው፤ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሻግቷል። ልጃቸው ሔርሜላ አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ቤት ገዝታ፣ «እማዬ፣ ነይና እረፊ፤ እዚህ ጓሮ አለ፣ ሰፈሩም ጸጥ ያለ ነው» እያለች ትወተውታቸዋለች። በመጨረሻ ቁልፉን ለካውንስሉ አስረክበው ሄዱ።

ልጅቱ አልዋሸችም። ሣሩ የተከረከመ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ጎረቤቱ ፈገግታ የማይነፍግ ነው። ወደ ማታ ልጆች በብስክሌት ሲሽቀዳደሙ እያዩ፣ «ለካ እንዲህም ይኖራል!» አሉ።

ጠዋት ግን የየቤቱ ጋራዥ ይከፈትና መኪናው ሁሉ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሰው ዘር አይታይም። አውቶቡስ የለም። ሱቁም ቤተ ክርስቲያኑም ያለ መኪና አይደረስም፤ ሔርሜላ ደግሞ እሑድም ሥራ ትገባለች።

አንድ ቀን ነጠላቸውን ጣል አድርገው በእግራቸው ወጡ። የእግረኛው መንገድ መታጠፊያው ላይ ስላለቀ በሣሩ ዳር ዳር ሄዱ። አንዲት ሴት መኪናዋን አቁማ፣ ጠፍተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «እየተንሸራሸርኩ ነው» ቢሏትም አላመነችም፤ ፖሊስ ጠራች። ፖሊሱ በትሕትና በመኪናው አሳፍሮ ቤት አደረሳቸው።

«ብቻሽን አትውጪ እማዬ፤ ሰው ይደነግጣል» አለች ሔርሜላ ማታ።

«እኔን አይቶ?»

ልጅቱ አቀርቅራ የእራቱን ሳህን አነሣች።

ዓመት ሳይሞላቸው ለንደን ተመለሱ። ቤታቸው ለሌላ ቤተሰብ ተሰጥቶ ቆያቸው። ለካውንስል ቤት እንደገና አፕላይ ቢያደርጉ፣ «በፈቃድዎ ስለለቀቁ አይሰጥዎትም» ተባሉ። አሁን የሚኖሩት እዚያው ለንደን፣ ኪልበርን፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛቸው አልታየሽ ቤት፣ አልጋና ሻንጣ ብቻ በሚይዝ ክፍል ነው። ዕቃቸውን ሲሄዱ ለሰው ሰጥተዋል።

ባለፈው እሑድ ሔርሜላ ደውላ፣ ክፍላቸው እንዳለ እንደሚጠብቃቸው ነገረቻቸውና አለቀሰች። እሳቸው አላለቀሱም። ስልኩ ሲዘጋ አልታየሽ ብቅ አለች።

«ምን አለች እትዬ?»

«ነይ ትላለች።»

«ታዲያ ይሄዳሉ?»

ወይዘሮ እህተማርያም፣ «ማጠቢያ ማሽኑን ካልፈለግሽው ልብሴን ላስገባ» ብለው ተነሡ።