ሐበሻ የማይደርስበት ሜዳ

ጥጥ ባየሁ ቁጥር የመኪና ጩኸት ይሰማኛል። ፋርማሲ ገብቼ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለውን ጥጥ መደርደሪያ ላይ ሳየው ጆሮዬ ድፍን ይላል፣ የተቃጠለ ጎማና የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸተኛል። እኩዮቼ የልጅነታቸውን ሽታ ሲያነሱ አንዷ ስለ አደይ አበባ፣ ሌላዋ ስለ እናቷ ሽሮ ታወራለች። እኔ የማወራው ስለ ጎማ ነው። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር።

ያደግኩት ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ነው፤ አባዬ፣ እማዬና እኔ። ጊዜው በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ አጋማሽ ስለሆነ ሐበሻው ገና ጥቂት ነበር፣ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብሉር መንገድ ላይ ካለች አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት እንሰበሰባለን። ከአገር ቤት የተደወለ ስልክ፣ በሰው አፍ የመጣ ወሬ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ሱዳን ገባ፣ ማን ወለደ፣ ሁሉም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። እኛ ልጆች ከጠረጴዛው ሥር ቆርኪ እየተጫወትን እንሰማለን። እማዬ ያለዚያች ቅዳሜ ሳምንቱን የምትዘልቀው አይመስለኝም ነበር።

አባዬ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ነው። ፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠራል፣ ሲመለስ ራዲዮ ይሰማል፣ ይተኛል። አሮጌ ቡናማ ስቴሽን ዋገን መኪና ነበረችው፤ እንደ እሱ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከኋላ ያሉት ክላክስ ሲነፉበት እጁን በመስኮት አውጥቶ እለፉ ይላቸዋል። ታዲያ በረዶው ቀልጦ ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመኝታ ቤት ወጥቶ፣ ልበሱ፣ የመኪና እሽቅድምድም ልናይ ነው ሲለን እኔና እማዬ ተያየን። እማዬ የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ምሳ ቋጥሯል፣ ውሃ ይዟል፣ በኪሱ ጥጥ ከቷል።

እማዬ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶባታል። ያኔ አንድ ሰው የአያቴን ሞት የሰማች መስሎት በስልክ ነፍስ ይማር ብሏት፣ እሷም ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ሆስፒታል ገባች። ትንሽ ብሆንም የአባዬን ፊት አስታውሰዋለሁ። ስለዚህ የአሁኑ እርግዝና በቤታችን እስከ አፉ እንደሞላ ብርጭቆ ነበር የሚያዘው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሚስቱን ሞተር ወደሚያጓራበት ሜዳ ሲወስዳት ምን ይባላል? ጎረቤታችን ጃማይካዊቷ ሚስ ፐርል አባዬ የት እንደምንሄድ ሲነግራት፣ ትኩሳት እንዳለው ለማየት ግንባሩን በእጇ ዳበሰችው።

የመጀመሪያውን ሜዳ መቼም አልረሳውም። በበቆሎ ማሳ መሀል፣ ቀይ አፈር የተነጠፈበት፣ ዙሪያውን በሽቦ የታጠረ ክብ መንገድ ነው። ተመልካቹ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተደርድሮ የተጠበሰ ሽንኩርት ያለበት ዳቦ ይበላል። አባዬ ጥጡን ቀደደና ራሱ በጆሯችን ከተተልን። የማስጀመሪያው ባንዲራ ሲወርድ የተነሳው ድምፅ ግን በጆሮ የሚገባ አልነበረም፤ በደረቴ ነው የገባው። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም። ቁጥር በቡሩሽ የተለቀለቀባቸው፣ የእኛን ስቴሽን ዋገን የሚመስሉ መኪናዎች እየተጋፉ፣ እየተላተሙ፣ አንዱ የሌላውን ጎን እየላጠ ሲበሩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኛ ቤት መኪና ሲጫር ሦስት ቀን ይወራል። እነዚህ ሰዎች እያወቁ ነው የሚያደርጉት።

ራሴን አመመኝ፣ እንሂድ እስክትል የጠበቅኳት እማዬ ነበረች። እሷ ግን ትንሽ ቆይታ ብድግ አለች። ባለ ሰባት ቁጥር ነጭ መኪና ከኋላ ተነስቶ አንድ በአንድ እያለፈ መጣ፤ እማዬ ጥጡን ከጆሮዋ አውጥታ ጣለችና፣ ያዘው፣ ግባበት፣ አትፍራው እያለች በአማርኛ መጮህ ጀመረች። አጠገባችን የነበሩት አሮጊት ፈረንጅ ደንግጠው ዳቧቸውን አወረዱ። እኔ በሀፍረት ልሞት ደረስኩ። እማዬ ግን ላብ በላብ ሆና ተቀመጠችና፣ ብሬ ሲመጣ የማመጣው እዚህ ነው አለች።

ብሬ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። የአሰብ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነበር። ልታስመጣው ደፋ ቀና የምትልለት፣ ክፍሌን እንደምለቅለት ገና ሳይመጣ የነገረችኝ ሰው ነው። በዚያ ሰመር በየሜዳው ስሙን ታነሳለች። ይህን ኩርባ ብሬ ቢሆን እንዲህ ነበር የሚይዘው፣ ብሬ ይህን ጎማ ቢያየው ይስቅ ነበር ትላለች። ስሙ በተነሳ ቁጥር አባዬ ጎንበስ ብሎ የምሳውን ቦርሳ ይበረብራል። ምንም አያወጣም።

ያልሄድንበት አልነበረም። በአራት መቶ ሀይዌይ ወደ ሰሜን፣ በሐይቁ ዳር ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜማ ኬቤክ ድረስ ሄደን በማይክሮፎን የሚያወራው ሰው በፈረንሳይኛ ሲለፈልፍ ዋልን። የከተሞቹ ስም ጠፍቶብኛል፤ የማስታውሰው አቧራውን፣ በመኪና መስኮት የሚገባውን የሣር ሽታና እማዬ እያንጎራጎረች የምትልጥልኝን ብርቱካን ነው። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባዬ ግን ስለ ውድድሩ አንድም ነገር አልገባውም። ሰው ሁሉ ቀዳሚው ሲያልፍ ሲያጨበጭብ እሱ የመጨረሻው ሲያልፍ ያጨበጭባል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ፊቱን ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ለምን ብዬ ስጠይቀው ሰው ማየት እወዳለሁ አለኝ። እማዬ ብሉር ናፈቀኝ ስትል የሚቀጥለው ቅዳሜ ይላታል፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትል መኪናዋ አልነሳ ትላለች። ቤት ውስጥ ስልክ ሲጮህ ሮጦ የሚያነሳው እሱ ነው። እኔ ሁሉንም ያየሁት እንደ እብደቱ አካል አድርጌ ነው።

የእማዬ ሆድ በጣም በገፋበት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ያ ባለ ሰባት ቁጥሩ ነጭ መኪና ኩርባው ላይ ተገለበጠ። ተንከባለለ። አቧራው ሸፈነው፣ ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። እኔ ፊቴን በእማዬ ቀሚስ ሸፈንኩ። ትንሽ ቆይቶ ሹፌሩ በመስኮት ሾልኮ ወጣና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። እማዬ መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። ሹፌር ማለት ይኸው ነው፣ ብሬንም ቢሆን ምንም አይነካውም ብላ ጮክ ብላ ተናገረች። ይሄኔ ከበታቻችን ካለው አግዳሚ አንድ ቀጠን ያለ ሰው ዞር ብሎ፣ ሐበሻ ናችሁ እንዴ አለን።

አባዬ እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም። ሰውየው ሐሰን ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው፣ በአቅራቢያው ባለች ከተማ የጭነት መኪና ይነዳል። እማዬ የአገሯን ሰው በዚያ በረሃ ስታገኝ ደስታዋን አልቻለችውም። አገር ቤትም ሹፌር እንደነበረ፣ የአሰብን መንገድ ዓመታት እንደተመላለሰበት ሲነግራት ደግሞ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

“እንግዲያው ብሬን ያውቁታል። ብርሃኑን፤ ባለ ቀይ ተሳቢውን።”

ሐሰን አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ወደ እማዬ ሆድ ወረደ፤ ከዚያ በትከሻዋ በላይ ወደ አባዬ ሄደ። አባዬ ጥቅሻ አልሰጠም፣ ጭንቅላቱን አልነቀነቀም፤ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። ሐሰን አፉን ዘጋና እንደገና ከፈተው።

“አውቀዋለሁ እህቴ። ከብሬ ጋር ስንቴ አብረን በልተናል። እሱ እኮ ወርቅ ሰው ነው።”

ከዚያ አጠገቧ ተቀምጦ ውድድሩ እስኪያልቅ የብሬን ቀልድ፣ የብሬን ጀብዱ ሲያወራላት ዋለ። እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የገዛው ቡና በእጁ እንደያዘው ቀዘቀዘ። ስንለያይ አባዬ ወደ መኪናው ሸኘው። ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ምን ሆነው ነው ብዬ እማዬን ብጠይቃት፣ የአገር ሰው ሲገናኝ እንዲህ ነው አለችኝ።

ቅጠሉ ሲረግፍ ወንድሜ ዮናስ በሰላም ተወለደ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ። እማዬ ለብሬ የምትልከውን የልጁን ፎቶ ከመስታወቱ ጠርዝ ሰክታ አስቀምጣለች። በሳምንቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ስከፍተው ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ቄሱ አሉ፤ የብሉር ሰዎች በሙሉ አሉ፤ ከኋላ ደግሞ ቆቡን በእጁ የያዘ፣ ከዚያች ሩቅ ከተማ ሌሊቱን ነድቶ የመጣ ሐሰን። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም።

እማዬ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣችና ቆመች። መጀመሪያ አንዲት ሴት ሕፃኑን ከእጇ ተቀበለቻት። ከዚያ ቄሱ ተናገሩ። ብሬ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ተገልብጦበት ሞቷል። የሞተው ደግሞ ያን ቀን ወይም ያን ሳምንት አይደለም፤ እኛ የመጀመሪያውን ሜዳ ከማየታችን በፊት ነው። የእማዬ ጩኸት ፎቁን አናጋው። የሕንጻው ጥበቃ፣ ሰው የሚታረድ መስሎት እየሮጠ ቢመጣ ሚስ ፐርል በሌሊት ልብሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ለቅሶ ነው፣ ተመለስ አለችው። እኔ ግን ማልቀስ አቃተኝ። ክው ብዬ ግድግዳው ሥር ቆሜ፣ ሰመሩን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እቆጥር ነበር። ቦርሳው። ስልኩ። ወደ ተመልካቹ የዞረው ፊት። አባዬ እሽቅድምድም ወዶ አልነበረም። በመላ ኦንታሪዮ ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ፈልጎ፣ ያገኘው የእሽቅድምድም ሜዳን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል እማዬ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች አባዬን ቀና ብላ አየችው።

“መኪና ሲገለበጥ እያየሁ ሳጨበጭብ ዝም አልከኝ።”

አባዬ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“ሁለታችሁንም ከማጣ ብዬ ነው፣ አስካለ።”

ክረምቱን ሙሉ መኪናው ውስጥ አልገባችም። በዚያ በረዶ ዮናስን ጠቅልላ በአውቶቡስ ትመላለስ ነበር። ጸደይ ሲመጣ አንድ ቀን የመኪናውን በር ከፍታ ከአባዬ ጎን ተቀመጠች፤ እሱም አስነሳ። ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን አብረው ኖሩ። ስለዚያ ሰመር ግን አንድ ቀን እንኳ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። እኔ በማን እንደምናደድ ሳላውቅ አደግኩ። በሕይወቴ ደስ ያለኝ ሰመር የተሠራው በሰው ሞት ላይ ነው። ያም ሁሉ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ወሬ የሚዘረግፈው ያ ሁሉ ሰው፣ ለአንድ ሆድ ብሎ ወራት አፉን ዘግቷል፤ አንድ የማያውቀን ሹፌር ደግሞ በአንድ እይታ ገብቶት በሙት ቀልድ ሲያስቃት ውሏል።

ዛሬ ቢሆን አባዬ አንድ ከሰዓት እንኳ አይሳካለትም። እሱ ራሱ ያረፈ ቀን፣ ከሆስፒታሉ ክፍል ሳልወጣ ፎቶው ከሻማ ጋር ስልኬ ላይ ደረሰኝ። አዲስ አበባ ያለች ዘመዳችን ከእኔ ቀድማ አልቅሳለች። መርዶ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ሰው በየኪሱ ይዞት ይዞራል።

ባለፈው ሰመር ነው። እማዬ አርጅታለች፣ ከቤት አትወጣም፤ ነፋስ ላስመታት ብዬ በመኪናዬ ይዣት ወጣሁ። የት እንደምሄድ አልነገርኳትም። የዱሮው ደስታ ትዝ ብሎኝ፣ እሷንም ደስ ይላታል ብዬ ነው፤ ጥጥ ሳይቀር ገዝቻለሁ። መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። የበቆሎውን ማሳ አልፈን የሞተሩ ድምፅ ሲመጣ ነቃች። አጥሩን አየች፣ አቧራውን አየች፣ የበሩን እጀታ ጨብጣ ያዘች።

“ማን ሞተብኝ?”

መኪናውን ዳር አስይዤ፣ ማንም አልሞተም፣ እንዲሁ ላዝናናሽ ብዬ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ሙቺ በይኝ አለችኝ፤ ሙቺ አልኳት። እሱም አልበቃትም፤ ዮናስ ጋ ደውዪ አለች። ዮናስ እንደ ልማዱ፣ “እማዬ፣ አም አት ወርክ፣ ሌተር ኮል አደርግሻለሁ” ብሎ ሲዘጋባት ደረቷ ወረደ። ከዚያ እህቷ ጋ፣ ከዚያ ልጆቼ ጋ አስደወለችኝ። ሁሉም በሕይወት አሉ። እንመለስ አልኳት። ከመጣን አይቀር እንግባ አለች።

የእንጨቱ አግዳሚ በብረት ተቀይሯል፤ ሽንኩርቱ ያው ነው። ጥጡን ተቀብላኝ ቀደደችና እንደ አባዬ አድርጋ በጆሮዬ ከተተችልኝ። ብዙ ዙር ተመለከተች። በመሀል አንድ መኪና ኩርባው ላይ ተሽከርክሮ አጥሩን መታና በአቧራ ተሸፈነ። እማዬ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ተነሳች። አቧራው ሲገለጥ ሹፌሩ በመስኮት ሾልኮ ወጣ፤ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። እሷ አላጨበጨበችም። እጇን ቀስ አድርጋ አወረደችና ወደ እኔ ዞረች።

“ይኼኛው ወጣ” አለችኝ።