የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ

ሰብለ ወንጌል የመሪጌታ ልጅ ናት። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለ ጋራዥ የእርሻ ማሽን መጠገን ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው በቀጭን ቱቦ በኃይለኛ ግፊት ታፍኖ የሚሮጠውን የሃይድሮሊክ ዘይት ነበር። ሙያውን ያስተማሯት አያ ማሩ የሚያፈተልክ ዘይት በመዳፋቸው ሲፈልጉ እንደ እሾህ ወጋቸው። «ምንም አይደል» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ዘይቱ ሥጋቸውን ገድሎት በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጃቸው ተቆረጠ።

ባለፈው ኅዳር ዳባት ላይ አንድ አጫጅ ኮምባይነር ስንዴው መሐል ቆመና ተጠራች። ሰማዩ ከብዷል፤ ዝናብ ከቀደመ የደረሰው ስንዴ ማለቁ ነው።

«ፓምፑ ሞቷል፤ መቁረጫውን ማንሳት አቅቶታል» አላት ነጂው ፋንታሁን።

«እስቲ ያስነሱትና ልስማው፣ አያ ፋንታሁን።»

ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል አጓራ። የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍታ ስታይ ዘይቱ አረፋ ደፍቋል። አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ በዓይኗ ስትከተል ማሰሪያው ላልቶ አገኘችው። ሞተሩን አስጠፍታ አጠበቀችውና ዘይት ሞላች። እንደገና ሲነሳ ጩኸቱ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ መቁረጫው ብድግ አለ።

«እሰይ! ሸጋ ሠራሽ!» አለ ፋንታሁን ከላይ ሆኖ።

ግፊቱ ሲመለስ ግን አርጅቶ የቆየ ሌላ ቱቦ አልቻለውም፤ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ዘይት ያፈተልክ ጀመር። መፍቻዋን ልታነሳ እጇን ስትሰድ ግራ ሌባ ጣቷን አንዳች ነገር ወጋት። አየችው፤ አንዲት ቀይ ነጥብ። ደም የለም፤ ሕመምም የለም።

«ያጥፉት! ያጥፉት!»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ዘይት ወጋኝ። አሁኑኑ ጎንደር ያድርሱኝ።»

«ምነው እቴ፣ ለዚች!»

ዳባት ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ነርሷም ጠርጋ ፕላስተር ልትለጥፍላት ነበር። «ጣቴ ዛሬውኑ ተከፍቶ ዘይቱ ካልወጣ እጄ ይሞታል» አለች ሰብለ። ይሄኔ ፋንታሁን ፊቷን አየና ክርክሩን ተወ፤ ፒካፕ ለምኖ አሳፈራት፤ እሱም አብሯት ወጣ።

መንገዱ አላልቅ አላት። አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፉ ጣቷ ማበጥ ጀመረ። ጎንደር መግቢያ ወለቃ ሲደርሱ ሕመሙ እስከ ክንዷ ይጠዘጥዛት ነበር። አባቷ ያስጠኗትን ውዳሴ ማርያም ጀመረች፤ መሐሉ ላይ ጠፋት፤ እንደገና ጀመረች።

ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጣቷን አገላብጦ፣ «ከተወጋሽ ስንት ሰዓት ሆነው?» አላት።

«ሦስት ሰዓት ግድም።»

ወዲያው ነርሶቹን ጠራ። ወደ ውስጥ ሲያስገቧት ከሕመሙ ይልቅ ጥድፊያቸው አስፈራት። ጣቷን እስከ መዳፏ ከፍተው ዘይቱን አጠቡ፤ በማግስቱም ደገሙት። «ብታድሪ ኖሮ እጅሽን አናተርፈውም ነበር» አላት ሐኪሙ። ፋንታሁን በሩ ላይ ቆሞ ሰማና ነጠላውን በአፉ ላይ ያዘ።

እጇ ተረፈ፤ ጣቷ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፍም። ከሁለት ወር በኋላ ጋራዥ ስትመለስ የፓምፕ ድምፅ ሰማችና ላብ አጠመቃት፤ እግሯ ወደ በሩ ይዟት ሄደ። እዚያው ቆመች። ከዚያ ካርቶን ቀድዳ በረዥም እንጨት ጫፍ አሰረች፤ የሚያፈተልክ ዘይት ካለ ካርቶኑን እንዲያረጥብ በቱቦዎቹ ላይ አሳለፈችው። ደረቅ ነበር። እንደገና አሳለፈችው።