ነጅዋ ለጆርናሉ የላከችው እርማት

ነጅዋ ሙሀመድአሚን ከሚሴ ውስጥ የሥነ ዜጋ ትምህርት የምታስተምር መምህርት ናት። ተማሪዎቿ «ቲቸር» ይሏታል፤ ይወዷታልም፣ ይፈሯታልም። ፈተና ስታርም ለማንም ግማሽ ነጥብ አትጨምርም፣ ከማንም ግማሽ ነጥብ አትወስድም። አራት ክረምት ተመላልሳ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትይዝ የሠፈሩ ሰው «እንግዲህ አምባሳደር ልትሆን ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ ግን ልቧ የቀረው እዚሁ፣ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ነው።

በጋ ሲገባ ከአፋር ቆላ ከብትና ግመል የሚነዱ ሰዎች ሣር ፍለጋ ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ይወጣሉ። የሸለቆው ገበሬ ማሽላውን እያጨደ ነው። ማን መቼ ይግባ፣ ከብቱ በየትኛው መንገድ ወንዝ ይውረድ የሚለውን የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው በቃል ይጨርሱታል። ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው። ነጅዋ ከመጻሕፍቱ የተማረችው ደግሞ መንግሥታት ከበላያቸው ዳኛ እንደሌላቸው፣ ቃላቸውን የሚጠብቁትም ለምን እንደሆነ ምሁራን ዛሬም ድረስ እንደሚከራከሩበት ነው። ታዲያ ይሄንኑ ጥያቄ ለምን ጨፋ ላይ አንጠይቀውም ብላ ተነሣች።

የረዷት አባ ቃሲም ናቸው። አባ ቃሲም የጨፋ ገበሬ ልጅ ሆነው ሰንበቴ ገበያ ላይ አርባ ዓመት ከብት ያሻሻጡ ደላላ ናቸው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ ያወራሉ፤ አፋርኛም ለመገበያያ አያንሳቸውም። ነጅዋ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት እሁድ ሁሉ፣ ሰንበቴ እየወረደች ከጎናቸው ተቀመጠች። ከነገሯት ሁሉ የጥናቷ እምብርት የሆነው የአንድ ክፉ በጋ ታሪክ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአፋር የመጡት እንግዶች ከብት ውል አፍርሶ ያልታጨደ ማሽላ ውስጥ ገባ፤ ዱላ ተነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ግን በአሥራ አንድ ቀን ነገሩን አብርደው ውሉን መልሰው አቆሙት። አባ ቃሲም ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ያዩትን ነው የነገሯት።

ጥናቱን ጽፋ ስትጨርስ እንግሊዝኛውን ያቃናላት የሥራ ባልደረባዋ አንዋር ነበር። ዋናው መንገድ ዳር ካለው የኮምፒውተር ቤት ተቀምጠው ወደ አንድ የውጭ ጆርናል ላኩት። የጆርናሉ ድረ ገጽ የምትሠሪበትን ተቋም ምረጪ ሲላት ከዝርዝሩ ውስጥ የእሷ ትምህርት ቤት የለም። አንዋር የተማርሽበትን ዩኒቨርሲቲ አስገቢና እንለፍ አላት። እሷ ግን የማልሠራበትን አልጽፍም ብላ፣ ለአዘጋጁ ኢሜይል ጻፈች፤ እነሱም የትምህርት ቤቷን ስም በእጅ አስገቡላት። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ጥናቱ ስለ መንግሥታት ስላልሆነ ከጆርናሉ ወሰን ውጭ ነው ይላል።

ሳምንት ያህል ከፋት። ከዚያ መግቢያውን እንደገና ጻፈችው፤ ከበላያቸው አስገዳጅ የሌላቸው ሁለት ወገኖች ውል ሲጠብቁ ማየት ከፈለጋችሁ ጨፋ ኑ የሚል መንፈስ ሰጠችው፤ ለሌላ ጆርናል ላከችው። ይሄኛው ለሁለት ገምጋሚዎች ሰጠላት። አንደኛው ወደደው። ሁለተኛው አርባ ሦስት ጥያቄ ጠየቀ፤ አርባ ሦስቱንም መለሰች። በስድስተኛው ወር «ተቀብለነዋል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት።

ደብዳቤው በደህና ጊዜ የመጣ መሰለ። ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት አመልክታ ነበርና የታተመ ጥናት ያለው ሰው ይቀድማል ተብላለች። እናቷ ወይዘሮ ሀዲጃ ዱዓ አስደረጉ። ነጅዋ ግን ለአባ ቃሲም ሳይታተም አነብልዎታለሁ ብላ ቃል ገብታ ስለነበር፣ ጽሑፉ ለመጨረሻ እርማት ሲላክላት በወረቀት አውጥታ ይዛ እሁድ ሰንበቴ ወረደች።

አባ ቃሲም ከበረቱ አጠገብ ካለች ዋርካ ሥር ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። እሷ እንግሊዝኛውን እያየች በአማርኛ ታነብላቸዋለች። እስከ ግማሽ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከብቶቹ ማሽላው ውስጥ ገቡ ከሚለው ስትደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ጋ ቁሚ፣ ልጄ።»

ቆመች። አባ ቃሲም ቀጠሉ፦

«ከብቱ ማሽላው ውስጥ የገባው የወንዙ መንገድ ስለተዘጋ ነው። መንገዱን በእሾህ ያጠርነው ደግሞ እኛው፣ የጨፋ ልጆች ነን። ውሉ በተደረገ በሦስተኛው ቀን። ካጠሩት ሰባት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ወላሂ።»

ነጅዋ ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «ያኔ ስጠይቅዎት ለምን እንዲያ አልነገሩኝም?» አለቻቸው።

«ለልጆቼም የነገርኳቸው ያንኑ ነው። ሁላችንም እንዲያ ነው የምናወራው። አንቺ ጽፈሽ ስታነቢልኝ ግን፣ እኔ ከሞትኩም በኋላ የሚኖር ውሸት ሆኖ ታየኝ።»

ከዚያ ቀስ እያሉ የቀረውን ነገሯት። ውሉ ፈርሶባቸው፣ ከብታቸው ተደብድቦ፣ እንግዶቹ በቀል ሳይሞክሩ ሽማግሌ ልከው ነበር። ውሉን ያፈረሱት እነሱ አይደሉም፤ ያዳኑት ግን እነሱ ናቸው።

ነጅዋ በሚኒባሱ ስትመለስ ተናደደች። በአባ ቃሲም ተናደደች፤ አንድ ሰው ብቻ አምና ሌላውን ወገን ሄዳ ባለመጠየቋ ደግሞ በራሷ ባሰባት። ሁለት እሁድ ሰንበቴ አልወረደችም። አንዋር ነገሩን ሲሰማ የሰጣት ምክር ክፉ አልነበረም፦ አንድ ወር ጠብቂ፣ ይታተም፣ ሥራውን ያዢ፣ እርማቱን ከዚያ በኋላ ትልኪያለሽ፤ ትልልቆቹም እንዲህ ያደርጋሉ። ሁለት ቀን ሙሉ አሰበችበት። እንዲያ ማድረግ እንደምትችል ታውቃለች። ግን ስህተት መሆኑን እያወቀች ይታተም ብላ መፈረም ነበረባት፤ እጇ ለዚያ እምቢ አላት።

በሦስተኛው ቀን ለጆርናሉ አዘጋጅ አጭር ደብዳቤ ጻፈች። የጥናቱ ሦስተኛ ክፍል የቆመበት ታሪክ ትክክል አለመሆኑን ባለታሪኩ ራሳቸው ነግረውኛል፤ እንዳታትሙት እለምናለሁ፤ ሌላውን ወገን ጠይቄ እንደገና ልጻፈው አለች።

አዘጋጇ አመሰገነቻት። ተቀብለነዋል ያለችውን ግን ሻረችው፤ አዲሱ ጽሑፍ እንደ አዲስ ይገመገማል ተባለ። የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ቀን አለፈ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወይዘሮ ሀዲጃ ነገሩ አልገባቸውም፤ ሰው የተቀበለውን መልሱልኝ ይባላል ወይ እያሉ ለጎረቤት አወሩ። ነጅዋ አላስረዳችም፤ ለማስረዳት ጉልበት አልነበራትም።

ወደ ሰንበቴ ተመለሰች፣ አባ ቃሲምም ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀበሏት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብቻ አሏት። ከዚያ ወዲያ ከአፋር በኩል የሚያውቋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አገናኟት። ከእነሱ መካከል ሁመድ የሚባል የግመል ነጋዴ ነበር፤ ያኔ ሽማግሌ ልከው ካስታረቁት ሰዎች የአንዱ ልጅ ነው። ሁመድ ያወቀውን ያህል ነገራት፤ አጥሩን ማን እንዳጠረው ግን አባቱም አያውቁም ነበር፤ «ከዚያ ወገን የሆኑ ሰዎች» ከማለት አልፈው አያውቁም።

ሦስተኛውን ክፍል ከሥሩ ነቅላ ጻፈችው። አሁን ጥናቱ የሚለው ሌላ ሆነ፦ ውልን የሚያቆመው ጠንካራውን መፍራት ሳይሆን የተበደለው ትዕግሥት የሆነበት ጊዜ አለ። የአባ ቃሲምን ስም ለመሸፈን «አንድ አዛውንት» ብላ ነበር፤ እሳቸው እምቢ አሉ። አጥሩን ሳጥር ፊቴን አልሸፈንኩም፣ ስሜን ጻፊው አሏት፣ በፈቃድ ወረቀቱም ላይ ፈረሙ።

ልትልከው ስትል ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ወር ጠበቀች፤ ሁለት ወር ጠበቀች። በመጨረሻ በፍላሽ አድርጋ ወደ አዲስ አበባ ለምትሄድ ጎረቤት ሰጠች፤ እዚያ የምትሠራው የነጅዋ እህት ሳሚያ ተቀብላ ላከችላት። የገምጋሚዎቹ ጥያቄና የእሷ መልስም በዚያው መንገድ ተመላለሰ። አርባ ሦስት ጥያቄ የጠየቀው ገምጋሚ በዚህኛው ዙር የጠየቀው ሁለት ብቻ ነው። መጀመሪያ ተቀብለነዋል ካሏት ከአሥራ አራት ወር በኋላ ታተመ። ከስሟ በታች የተጻፈው የከሚሴው ትምህርት ቤት ስም ነው።

አንዋር በትልቁ አሳትሞ መምህራን ማረፊያው ላይ ለጠፈው። ነጅዋ ደግሞ አንድ ቅጂ ይዛ ለአባ ቃሲም ወሰደች። አባ ቃሲም ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡና፣ ለእኔ አንብበሽልኛል፣ አሁን ለሁመድ አንብቢለት አሏት። ሰው ልከው ከግመል ተራ አስጠሩት።

ሁመድ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ነጅዋ ያቺን አንቀጽ በአማርኛ አነበበችለት፤ መንገዱ በእሾህ መታጠሩን፣ ካጠሩት አንዱ አባ ቃሲም መሆናቸውን። አባ ቃሲም አንገታቸውን ደፍተው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ሁመድ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ነበር» አለ። «ግን ስም ቢነግሩት ምን ያደርግ እንደነበር አላውቅም። ለእኔ ግን እርስዎ ነገሩኝ፤ ሰምቻለሁ።»

አባ ቃሲም እጃቸውን ዘረጉ። ሁመድ ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበላቸውና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ጥቂት ቆይተው ስለ አንዲት ነጭ ግመል ዋጋ ሲከራከሩ ነጅዋ ሰማቻቸው።

ነጅዋ አሁንም ከሚሴ ነው የምታስተምረው። ዩኒቨርሲቲው ባለፈው ዓመት እንደገና ማስታወቂያ ሲያወጣ አመልክታለች፤ ገና አልጠሯትም። ሁለተኛ ጥናቷን ጀምራለች፤ ስለ ጨፋ ሮቢት ሰዎች የውሃ ተራ አጠባበቅ ነው። በዚህኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ደብተር ይዛለች፣ አንዱ ለአንዱ ወገን፣ ሌላው ለሌላው። አሁን ከጎኗ ያለውም አንዋር ብቻ አይደለም፤ ጽሑፍ ወደ ጆርናል እንዴት እንደሚላክ ሊማሩ ከዙሪያው ወረዳ የሚመጡ ሦስት መምህራን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ይሰበሰባሉ። ወይዘሮ ሀዲጃ ለእነሱ ሻይ እያፈሉ፣ ልጄ ስህተቴን አልደብቅም ብላ ሥራ ያመለጣት ናት ብለው ለእንግዳ ያስተዋውቃሉ፤ ሲያስተዋውቁም ድምፃቸው ውስጥ ኩራት አለ።