የአዎንታ ቆጣሪዋ

ካቱሬ ቅናት የያዛት በሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት በኬንያዋ ናኩሩ ከተማ ውስጥ የሚያስቀናት ሰው አልነበረም፤ እሷ እንደዚያ ትላለች።

የሕግ መምህር ናት። እስረኞች ፍርድ ቤት መመላለሳቸው ቀርቶ ከወህኒ ቤት ሆነው በስክሪን መቅረብ ሲጀምሩ፣ ባልደረቦቿ ማንዳዚ የሚሉትን ብስኩት በወተት ሻይ እየነከሩ «ይሄ ነገር ያዛልቃል?» ይባባሉ ነበር። እሷ ግን ደብተርና እርሳስ ይዛ ችሎት ገባች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኋላው አግዳሚ ወንበር አልተነሳችም። ዳኛዋ «ተረድተሃል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው እስረኛ በአዎንታ ራሱን ከነቀነቀ ደብተሯ ላይ አንድ ጭረት ታሰምራለች። ከመቶው ዘጠና አንዱ ነቀነቁ። «በስክሪን የሚቀርቡ ተከሳሾች የሚባለውን ይረዳሉ» ብላ ጻፈች። ጥናቷ በየስብሰባው ይጠቀስ ጀመር፤ ስሟ በተነሳ ቁጥርም ሳያስፈልግ መነጽሯን ታስተካክላለች።

ከዚያ ጄሮቲች መጣች። የገዛ ተማሪዋ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስትስቅ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል። ለጉባኤ ዛሬ ካምፓላ ትጋበዛለች፣ ነገ ኪጋሊ። ካቱሬን ማንም ኪጋሊ ጠርቷት አያውቅም። የልጅቷን የዶክትሬት ጽሑፍ እንድትፈትን ሲሰጧት ቀይ እስክሪብቶ መዘዘች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ልትጥላት ነው የተቀመጠችው። የእሷ ፊርማ ከሌለ ደግሞ ልጅቷ ዶክተር አትሆንም።

ነጠላ ሰረዝ ሳይቀራት እያሳደደች አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጄሮቲች የተቀመጠችው ችሎት አልነበረም፤ ወህኒ ቤቱ ውስጥ፣ ካሜራው ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ድምፁ ይቆራረጣል። እስረኛው ምን እንደተባለ አይሰማም። ከካሜራው ጀርባ የቆመው ወህኒ ጠባቂ ግን ወረፋው ቶሎ እንዲያልቅለት ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ እስረኛውም እሱን እያየ ይነቀንቃል። «ቀደም ያለ አንድ ጥናት ይህን እንደ መረዳት ቆጥሮታል» ይላል ጽሑፉ። የማን ጥናት እንደሆነ አይናገርም።

ካቱሬ ግን የራሷን አወቀችው። መጀመሪያ ያንገበገባት መሳሳቷ አልነበረም። ወህኒ ቤቱ ከፍርድ ቤቱ በማታቱ ሚኒባስ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ይቺ ልጅ ተሳፍራ ስትሄድ እሷ ለምን አልሄደችም? ሳይሰሙ የነቀነቁት ሰዎች ትዝ ያሏት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ መሆኑም አሳፈራት።

በማግስቱ አስጠራቻት።

«ወህኒ ቤት ግቢ ያለሽ ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ምዋሊሙ» አለች ጄሮቲች፤ «መምህሬ» ማለቷ ነው።

«እኔ? መቼ?»

«አንደኛ ዓመት ሳለን ነዋ! ‹ነገሩ ከሚያቃጥለው ሰው አጠገብ ተቀመጡ› ብለው አስተማሩን። እኔማ እርስዎ እዚያ የሄዱ መስሎኝ ነበር።»

ካቱሬ ጽሑፉን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ገለጠችው። «ታዲያ ስሜን ለምን ተውሽው?»

ጄሮቲች አንገቷን ደፋች። «እንዴት ብዬ ልጻፈው? ያስተማሩኝን ሰው ላዋርድ?»

«አንቺ ልጅ! አዘንሽልኝ ማለት ነው?»

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነበር። በልጣት ብትኩራራባት ትችለው ነበር፤ ማዘኗን ግን አልቻለችውም። እስክሪብቶውን አንስታ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አልፋለች» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «አንድ እርማት ይቀራል» የሚል ጨመረችበት።

«ሙሉ ስሜን አስገቢ። ካቱሬ ሙሪዩንጊ።»

«ምዋሊሙ፣ ሰው ይስቅብዎታል እኮ!»

«ይሳቅ። ያንቺን ጽሑፍ ሰው ያነበዋል አይደል?»

«ተስፋ አደርጋለሁ።»

«እንግዲያው እኔም ልነበብበት።»

ፈረመች። ጄሮቲች ዓይኗ እንባ ሞልቶ ልትጨብጣት እጇን ዘረጋች። ካቱሬ በተዘረጋው እጅ ላይ ጽሑፉን አስቀመጠችበት።