ቀይ ስሩን የቀመሰው ሰው

ሥራ የጀመርኩ ቀን እትዬ አስካለ አንድ ሸክም ጎመን ፊቴ ዘረገፉና «በሦስት ውሃ እጠበው» አሉኝ። አጥቤ አሳየኋቸው። ቅጠሉን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሱ አዩት። «ሦስቱ ለአፈሩ ነበር። አሁን ደግሞ ለትሉ በጨው ውሃ።» ቦታው አዋሳ ፒያሳ ላይ የነበረ አንድ የመንግሥት ሆቴል ነው። እሳቸው የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ እኔ የማባያ ክፍል ረዳት።

ማባያ የምንለው ከወጡ አጠገብ የሚቀመጠውን ሁሉ ነው፤ ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ ስንጉን፣ ቀይ ስሩን። ወጥ ቢያድር ይጣፍጣል። ማባያ ካደረ ግን ሠሪውን ያጋልጣል። ስለዚህ ጠዋት ይገዛል፣ ረፋድ ላይ ይከተፋል፣ ምሳ ላይ ይበላል። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እያየሁና እያበላሸሁ ተማርኩ። ቀይ ስር የሚቀቀለው ከነልጣጩ ነው፤ ግንዱም ጣት ያህል ይተውለታል፤ አለዚያ ቀለሙን ውሃው ይወስደዋል። አብሮት የሚገባው ድንች ለብቻው ተቀቅሎ ሊቀርብ ሲል ይደባለቃል።

አትክልቱን የምገዛው ከባሪቴ ነበር። ከቱላ ተሸክማ በየጠዋቱ በጓሮ በር የምትመጣ ሴት ናት። የእሷ አማርኛ ጥቂት፣ የእኔም ሲዳምኛ ጥቂት ነው። ለመቀላለድ ግን አላነሰንም።

አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ምሳ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ እንደሚመጡ ተነገረን። ስማቸው አልተነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ጳጉሜ እንደገባ አንድ ካኪ የለበሰ ሰው መጣና የወጥ ቤቱ በር ላይ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጦ ተቀመጠ። ጓድ ታደለ ይባላል። ሥራው መጠበቅና መቅመስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አስተናጋጆቹ ትዕዛዝ እንኳ በሹክሹክታ ይናገሩ ጀመር።

«ያ ምንድነው?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ሎሚ ነው፣ ጓድ።»

«ብላው።»

ከነልጣጩ በላሁት። ፊቴን አተኩሮ አየ።

«ለምን ተኮማተርክ?»

«ሎሚ ነዋ፣ ጓድ።»

እትዬ አስካለ ወደ ምድጃው ዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዚያን ክረምት የባሪቴ ቀይ ስር ለጋ ከመሆኑ የተነሳ መቀቀሉ አሳዘነኝ። ጥሬውን በቀጭኑ ፍቄ በሎሚ፣ በዘይትና በቃሪያ ለወስኩት። እትዬ አስካለ ቀምሰው «ለበዓሉ ይሁን» አሉ። ጓድ ታደለም ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ሳህኑን ጨረሰው። እትዬ አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሰውዬው ሲጠራጠር ጠገበ» አሉኝ።

በማግስቱ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ቆርቆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ተቀመጠና እጄን እጄን ሲያይ ዋለ። የጨው ዕቃዬን አሸተተ። ቢላዋዬን ተቀብሎ በብርሃን አገላብጦ አየው። ማን ምን ነገረብኝ አልኩ። አስተናጋጆቹን በየተራ ጠረጠርኩ። እቤቴ ገብቼም ባለፈው ሰሞን ለማን ምን እንደተናገርኩ ሳሰላስል አመሸሁ። ብዙ የማወራ ሰው አልነበርኩም፤ ዝም ማለቴ ራሱ አስጠርጥሮኝ ይሆን ብዬም ፈራሁ።

በበዓሉ ቀን እሸት በቆሎው፣ ጎመኑ፣ ስንጉና ቀይ ስሩ ተደረደሩ። ጓድ ታደለ ሁሉንም በተራ ቀመሰ። ቀይ ስሩ ጋ ሲደርስ ማንኪያውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ፣ ደገመም። ሎሚው በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት። እንግዳው ግን ወደዱት። ሳህናቸው ባዶውን ተመልሶ እንዲሞላ ተጠየቅን።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሻምበል ወጥ ቤት ገባ። ምሳው ላይ ከእንግዳው ጎን ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዳው ዛሬ ደም ሸንተዋል» አለ።

«ኧረ ቀይ ስሩ ነው እንጂ ደምስ አይደለም!» አሉ እትዬ አስካለ። «አባቴም በበሉት ቁጥር እንዲህ ያደርጋቸው ነበር።»

«አባትሽ እዚህ የሉም። እኔም በልቻለሁ፤ የኔ አልቀላም። ያንቺስ?»

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«ያንተስ?»

«አልቀላም» አልኩ። መዋሸት ያዋጣኝ ነበር፤ ግን ቶሎ አልመጣልኝም። ከተረፈው የበሉት አስተናጋጆችም ተጠየቁ። የአንዳቸውም አልቀላም።

«ሁላችሁም በልታችሁ እሳቸው ብቻ ደም ሸኑ» አለ ሻምበሉ ወደ እኔ ዞሮ። «ደግሞስ ሁልጊዜ ተቀቅሎ የሚቀርበውን ዘንድሮ ለምን በጥሬው?»

«ለጋ ስለነበረ ነው።»

«ከማን ገዛኸው?»

ባሪቴ በዚያች ሰዓት ከጓሮ በሩ ውጪ ጎመኗን ይዛ ቁጭ ብላለች። ስሟን ብጠራ ይዘዋት ይሄዳሉ። የሚጠይቋትን እንኳ በቅጡ አትሰማም።

«ከገበያ» አልኩ።

«ከማን?»

«ከገበያ፣ ጓድ ሻምበል።»

«ጥሩ። መኪናው ውስጥ ግባ።»

ሽርጤን ፈታሁ። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የሄደ ሰው ሁሉ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬ አስካለ ሽርጤን ተቀበሉኝና ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ጓድ ሻምበል» አለ ጓድ ታደለ ከቆርቆሮው ተነስቶ። «የኔም ቀይ ነው።»

«ምንህ?»

«ሽንቴ።»

ሻምበሉ እኔን ትቶ ወደ እሱ ዞረ።

«ጳጉሜ ላይ የቀመስኩ ጊዜ በማግስቱ ቀላ። ተመርዣለሁ ብዬ ሞቴን ስጠብቅ ዋልኩ። ምንም ሳያመኝ ጠፋ። ትናንት ደግሞ ቀመስኩ፤ ዛሬ ይኸው ቀይ ነው። ከቀይ ስሩ ጋር ይመጣል፣ ከቀይ ስሩ ጋር ይሄዳል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ቀማሹ እኔ ነኝ። ተመረዝኩ ብል አንተ እያለህ መርዙ እንዴት ገባ ትሉኛላችሁ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ደግመህ በላህ?»

«አልበላም ብል ምን አውቀህ ነው ትሉኛላችሁ።»

ሻምበሉ እያፈራረቀ አየን። እትዬ አስካለ «አባቴም እኮ...» ብለው ጀመሩ፤ ገላመጣቸው፤ ተዉት። «ይህ ነገር ከዚህ በር አይወጣም» አለ። ከዚያ ለእኔ በተከፈተው የመኪና በር ጓድ ታደለን አስገብቶ ሄደ።

ወጥቼ ጎመኑን ከባሪቴ ተቀበልኩ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ጎመንሽ ዛሬ ጥሩ ነው።»

«ሁልጊዜ ጥሩ ነው» አለች ተቆጥታ።

ጓድ ታደለ የት እንደደረሰ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ቆርቆሮው በሩ ላይ እንደተገለበጠ ሰነበተ፤ ማንም አላነሳውም። ለመስቀል ሰሞን ግን ካኪውን ትቶ፣ በጣም ከስቶ መጣና እንደማንኛውም ሰው ምሳ አዘዘ። ሳህኑን ራሴ ይዤለት ሄድኩ። ጎንበስ ብሎ አየው።

«ቀይ ስር አለበት?»

«የለበትም።»

«ትንሽ አምጣልኝ» አለ።

ወጥ ቤት ለምትሠሩ ልጆች የምለው ይህን ነው። ቀይ ስር ስታቀርቡ፣ በተለይ ጥሬውን፣ ነገ ጠዋት ሽንት ሊያቀላ እንደሚችል ለሚበላው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ። ማዕድ ላይ የሚወራ ነገር አይደለም። ቢሆንም ንገሩ።