ሰላምታ ብቻ

ካርቱም ከተመለስኩ ወዲህ ቢሮዬ ዐማራት ሰፈር ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ዘጠኝ ወንበር፣ ተቀማጩ ግን እኔ ብቻ። ከጦርነቱ በፊት የመሠረትኩት ድርጅት፣ መሥሪያ ቤቶች ሥራ የሚከፋፈሉበትና ቀጠሮ የሚያስታውሳቸው የስልክ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሠራተኞቼን ካይሮና አዲስ አበባ በተናቸው። እነሱ ከያሉበት ይሠራሉ፤ እኔ በስክሪን እመራቸዋለሁ። መሪ ተብዬው ነኝ።

አምና አዲስ መንገድ ያዝን። ፕሮግራማችን ማስታወሱን ይተውና ራሱ ይሥራ፤ መልእክት ያንብብ፣ ይመልስ፣ ቀጠሮ ይያዝ አልኩ። ኤአይ ኤጀንት የሚሉት ይኸው ነው። ሠራተኞቼ አልቸኮልንም ወይ ብለው ተከራከሩኝ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። እንዲያምኑኝ መጀመሪያ በራሴ ስልክ ላይ ጫንኩት። ትእዛዙንም በገዛ እጄ ጻፍኩለት፦ ሰላምታ ብቻ ከሆነ አታሳየኝ፤ በወጉ መልስና ዝጋው።

በዚህ ከተማ የቀረችኝ ሰው አንዲት የወሎ ሴት ነበረች። ድሮ የቢሮውን ቁልፍ የምትይዘው፣ ሳልበላ ስውል የምትቆጣኝ እሷ ነበረች። ኻልቲ፣ አክስቴ እላታለሁ፤ እሷም ያ ወለዲ፣ ልጄ ትለኛለች። ሐሙስ ሐሙስ ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ትመጣና ስታወራኝ ትውላለች። ሌላውን ቀን ካላዛጋሁ በቀር አፌም አይከፈትም።

አንድ ሐሙስ ቀረች። ኢንሻላህ በሚቀጥለው ትመጣለች ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሁለተኛው ሐሙስ ሲያልፍ ግን ኤጀንቱ የዘጋቸውን መልእክቶች ከፈትኩ። ለካ ሦስት ጠዋት ጽፋልኛለች። እንዴት አደርክ፣ ጤናህስ፣ ሥራህስ ትላለች። ኤጀንቱ ሦስቴም፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ብሏታል። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ ብላለች። ዘግቶታል።

አቤት የደነገጥኩት! በእኛ ወግ ከባድ ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን አያስቀድምም። ደህና ነኝ ይልና፣ ያኛው ምነው፣ በሰላም ነው? እስኪለው ይጠብቃል። ይህን እንኳን እኔ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ለማሽኑ ሳልነግረው የቀረሁት እሱን ነበር።

ደወልኩ፤ አነሳች። ከጀርባዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል፣ ሁሉም አማርኛ ነው። መተማ ገብታለች፤ ከተሻገረች ሳምንቷ ነው። ጎረቤቶቿ መኪና ተከራይተው ጠቅልለው ሲወጡ አብራቸው ወጥታለች። እንዴት ሳትነግሪኝ ብዬ ጮኽኩባት፤ ንዴቴ በራሴ ነበር።

«መልስህ ወዲያው ወዲያው ሲመጣ ጊዜ፣ ልጄ ሥራ በዝቶበታል፣ አላስቸግረው ብዬ ተውኩት» አለች። ከዚያም፣ «መኪናው ላይ ቦታ ይዤልህ ነበር እኮ። ባዶውን መጣ» አለችኝ።

ዘጠኙን ወንበር ተራ በተራ አየሁ።

«አንተስ ደህና ነህ?» አለችኝ።

ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት። ከዚያ ምነው እስክትለኝ ጠበቅኩ።