ኮምፒውተሩ አክስቴን «አንተ» ያላት ጊዜ

ዛሬ የምተዳደረው ፕሮግራም በመጻፍ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ እንዴት እንደጀመሩ ሲያወሩ አንዱ በሒሳብ ፍቅር፣ ሌላው በጌም ይላል። የእኔ ምክንያት ግን የአክስቴ ኩርፊያ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከአባቴና ከእህቱ ጋር እንኖር ነበር። አባቴ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የምናገኘው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ጊዜ ሲመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞልኝ መጣ። እኔም ከትምህርት ቤት ስለ ፕሮግራም የሚያስተምር የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ተዋስኩ።

የመጀመሪያ ፕሮግራሜ ስም ይጠይቅና በአማርኛ ሰላም ይላል። የአማርኛ ፊደል መክተብ ስላልቻልኩ በላቲን ፊደል ጻፍኩት። አክስቴ ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ዘግታ ትመጣለች። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠርቼ አስቀመጥኳት። ስሟን በአንድ ጣት ለቅማ ጻፈች።

«እንዴት ነህ?» አለ ኮምፒውተሩ።

«ነህ?» አለች አክስቴ፣ ወደ እኔ ዞራ።

መጽሐፉ ይህን አላስጠነቀቀኝም። የፈረንሳዮቹ «ሳ ቫ»፣ የእነሱ «እንዴት ነው»፣ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። በማግስቱ «ወንድ ወይስ ሴት?» የሚል ጥያቄ ጨመርኩና እንደገና አስቀመጥኳት።

«እንዴት ነሽ?»

«የት ተዋወቅንና ነው አንቺ የሚለኝ?»

«እኔም እኮ አንቺ እልሻለሁ።»

«አንቺን ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። እሱን ማን አሳደገው?»

ሁለት ቀን ከመጽሐፉ ጋር ታግዬ ዕድሜ መጠየቅ አስተማርኩት፤ ከሠላሳ በላይ የሆነ ሁሉ «እርስዎ» እንዲባል። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። አክስቴ ጥያቄውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ሃያ አምስት ብላ ጻፈች።

«እንዴት ነሽ?»

«ይኸው፣ ዛሬም አንቺ አለኝ» አለች።

«ሃያ አምስት ብለሽ ጽፈሽ ነዋ።»

«አመነኝ ማለት ነው? ፊቴን አያይም?»

«አያይም፣ አክስቴ።»

«የማያየውን ሰው እንግዲያው አክብሮ ያናግር።»

ተቀይሜ ጓዳ ገባሁ። ግን ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር እውነቷን ነው። ተመልሼ የጾታውንም የዕድሜውንም ጥያቄ አጠፋሁና አንድ መስመር ብቻ አስቀረሁ፦ ሁሉም ሰው «እርስዎ» ነው። የሦስት ቀን ድካሜ በደቂቃ ተሰረዘ። ፕሮግራሙ ግን ከመቼውም የተሻለ ሠራ፤ በመሰረዝ ሥራ እንደሚቃና ያን ቀን ገባኝ።

አክስቴ በማግስቱ እንደገና ተቀመጠች።

«እንዴት ነዎት?»

ፊቷ ፈታ አለ። መነጽሯን አስተካክላ መጻፍ ጀመረች። ጉልበቷ እንዳመማት፣ የገበያው ሙቀት እንዳልተቻለ፣ ወንድሟ ከመንገድ እንዳልደወለ፣ አንድ በአንድ ጻፈችለት። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ጨርሳ የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫነች።

«እሺ» አለ ኮምፒውተሩ።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ይኸው ነው?»

ከጻፈችው አንድ ቃል እንኳ እንዳልገባው፣ ምንም ቢጻፍለት «እሺ» እንዲል ያዘዝኩት እኔ እንደሆንኩ ልነግራት አልደፈርኩም። «ገና ልጅ ነው፣ እያስተማርኩት ነው» አልኳትና መጽሐፉን ይዤ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፍኩ።